ዋስ የሚቀመጥባት አግዳሚ

የጥብቅና ፈቃዴን የመለስኩት ማክሰኞ ጠዋት ነው። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ቅጽ ሰጠችኝና "አባባ፣ ምክንያት የሚለው ጋ ይሙሉልኝ" አለችኝ። ምክንያት! ዕድሜ ልኬን ለሰው ምክንያት ስደረድር ኖሬ ለራሴ አንድ መስመር አጣሁ። ዓይኔ ደክሟል ልበል? እውነት ነው። ችሎቱ ሁሉ ኮምፒውተር ሆነ፣ እኔ ደግሞ በእርሳስ ያደግሁ ሰው ነኝ ልበል? እሱም እውነት ነው። በመጨረሻ "ጉልበት" ብዬ ጻፍኩ። ቀልድ የመሰለው ሰው የልደታ ፍርድ ቤትን ደረጃ መዝገብ ታቅፎ በቀን አራቴ ወጥቶ ይውረድና ያኔ እንነጋገራለን። ልጅቷ አነበበች፣ ፈገግ አለች፣ ማህተሟን መታች። በቃ፣ አለቀ።

ቤት ገብቼ ቦርሳዬን ጠረጴዛ ላይ ገለበጥኩት። ሁለት እርሳስ፣ የመላጫ ምላጭ፣ የታጠፈ የመስገጃ ምንጣፍ፣ ለመጣል የሳሳሁላቸው የቀጠሮ ወረቀቶች። ከሥር ደግሞ ክዳኗ የዛገ የጣት አሻራ ቀለም መያዣ ወጣች። ቀለሟ ከደረቀ ዘመን የለውም። ባለቤቴ "ይቺን እንኳ ጣላት" አለች። "እሷን ከምጥል ጥርሴን ብጥል ይሻለኛል" አልኳት። የጋሽ ደምሴ ናት።

ስለ ጋሽ ደምሴ ሳልናገር ስለ ሥራዬ መናገር አልችልም። ጠበቃ ከመሆኔ በፊት የነበረኝ ሥራ የችሎት ጸሐፊነት ነው። ዳኛ የሚናገረውን በእጄ እየጻፍኩ፣ በወር መጨረሻ ለደመወዝ ተሰልፌ፣ ማታ ማታ ሕግ ተማርኩ። አባቴ ከወሎ መጥቶ ልደታ በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነበር፤ ፈቃዴን ያወጣሁ ዕለት ሱፍ ሰፋልኝ። ያን ሱፍ ለብሼ ነው ጋሽ ደምሴ ቢሮ የገባሁት። ቢሮ ማለቴ፣ ከፍርድ ቤቱ ወደ ልደታ ማርያም በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነበረች። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ጆሮ ያደነቁርና ደንበኛና ጠበቃ እየተጯጯሁ ነበር ምስጢር የሚያወሩት።

ጋሽ ደምሴ ቀጭን፣ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ አንድ ግራጫ ኮት የሚለብሱ ሰው ነበሩ። እርሳሳቸውን በምላጭ ነበር የሚቀርጹት፤ መቅረጫ ገዝቼላቸው "ይኼ እርሳስ ይበላል እንጂ አይቀርጽም" ብለው መለሱልኝ። ከላይ እስከ ታች ሲያዩኝ ቆዩና "ሱፉ ጥሩ ነው። ክስ ስታነብ ከየት ትጀምራለህ?" አሉኝ።

"ከመጀመሪያው ነዋ ጋሼ።"

"ተሳሳትክ። ነገርን ከሥሩ፣ ክስን ከጅራቱ ነው። ዓቃቤ ሕግ ፊት ፊቱ ላይ የሚያስደነግጥህን ነው የሚጽፍልህ፤ በመንግሥት ላይ ይህን ያህል ጉዳት አድርሶ፣ ከእነእገሌ ጋር ተመሳጥሮ... አንጀትህ እስኪርድ። በሩ ክፍት ይሁን ዝግ የሚነግርህ ግን መጨረሻ ላይ ያለችው አንቀጽ ናት። መጀመሪያ እሷን ያዝ። የእያንዳንዱን ተከሳሽ ለየብቻው።"

ሁለተኛው ሕጋቸው ስለ ዋስ ነበር። ላላጋጠመው ሰው፣ ተከሳሽ ከቤቱ እየተመላለሰ እንዲከራከር ፍርድ ቤት ሲፈቅድ አንድ ሰው "ይህ ሰው ቢጠፋ እኔ አለሁ" ብሎ መፈረም አለበት። ባለ ደመወዝ ከሆነ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያመጣል፤ መኪና ያለው ሊብሬውን፣ ቤት ያለው ካርታውን ያስይዛል። ብዙ ጠበቃ ዋስትና ከተፈቀደ በኋላ ነው ቤተሰቡን "በሉ ዋስ ፈልጉ" የሚለው። ጋሽ ደምሴ እንዲህ ሲሠራ ሲያዩ ይበሳጩ ነበር። የእሳቸው ዋስ ክርክሩ ሳይጀመር መታወቂያውንና ወረቀቱን ይዞ፣ ከበሩ ሁለተኛዋ አግዳሚ ላይ፣ ተከሳሹ ዞር ሲል በሚያየው ቦታ ይቀመጣል። ቀለም መያዣዋም ለዚሁ ነበረች፤ ፊርማ የማይችል ዋስ ቢመጣ አሻራ ለማስነሳት ከኪሳቸው አትጠፋም። በእያንዳንዱ መዝገብ ጀርባ ላይ በእርሳስ ሦስት ጥያቄ ይጽፋሉ፦ ዋሱ ማን ነው? የት ይገኛል? በስንት ሰዓት ይደርሳል?

"ዳኛ እኮ አርብ በአስር ሰዓት ሊፈቅድልህ ይችላል" ይሉኝ ነበር። "ያኔ ዋስ ፍለጋ ብትሮጥ ሰውየው ሦስት ሌሊት በአንተ ጥፋት ያድራል። በሕጉ አይደለም፣ በዳኛው አይደለም፣ በአንተ።"

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ የሙስና ልዩ ሕግ ሲመጣ ይኼ ሁሉ ልማድ ከንቱ የሆነ መሰለን። ሕጉ በሙስና የተያዘ ሰው በዋስ አይወጣም አለ፣ ተቆረጠ። ነፍስ የገደለ ሰው እንኳ አንዳንዴ የሚከራከርበት ቀዳዳ ያገኛል፤ ጨረታ ላይ የፈረመ ጸሐፊ ግን ምንም። የዚያን ሰሞን ቢሯችን ለቅሶ ቤት መሰለ። ሚስቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይመጡና "የሚያውቀው ሰው አለ፣ ዋስ ሞልቷል" ይላሉ። እኔ ሕጉን ዘርግቼ "እማማ፣ አይቻልም" እላለሁ። ጋሽ ደምሴ አንድ ቀን ይኼን ሰሙ፤ ሴትዮዋ እስክትወጣ ጠብቀው በር ዘጉ።

"አይቻልም የዳኛ ቃል ናት ሰይድ። ከአፋቸው አትንጠቅ።"

"ጋሼ፣ ሕጉ እኮ ቁልጭ አድርጎ..."

"ሕጉን እኔም አንብቤዋለሁ። አንተ ‘ከባድ ነው፣ እንጠይቃለን፣ ዋሱን ይዛችሁ ኑ’ በል። የተከለከለ ሰው ቢያንስ ተከልክሎ ይክሰር። ሳይጠየቅለት የከሰረ ግን ምን ይባላል?"

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሕጉ ተሻሻለና በሩ ገርበብ አለ። የተከሰሰበት አንቀጽ ከአስር ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ከሆነ ዋስትና የለም፤ ከዚያ በታች ከሆነ ግን መጠየቅ ይቻላል ተባለ። ጋሽ ደምሴ ያን ዕለት ሜክሲኮ ወስደው ምሳ ጋበዙኝ፤ ከጨዋነታቸው ውጪ በሆነ ድምፅ ይስቁ ነበር። "አየህ፣ አሁን ጅራት ዋጋ አገኘ" አሉኝ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። አሁን የምነግራችሁ ጉድ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ታደሰ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። የመለዋወጫ ዕቃ ጨረታ ሲወጣ የኮሚቴ አባል ጎደለና "ና ታደሰ፣ ቁጭ በል" ብለው አስቀመጡት፤ ቃለ ጉባኤው ሲዞር ፈረመ። እንግዲህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው። ጨረታው ሲበላሽ ሥራ አስኪያጁ አንደኛ ተከሳሽ፣ እሱ አምስተኛ ተከሳሽ ሆነው ገቡ።

ምርመራ ላይ እያለ ባገኘሁት ቁጥር የሚጠይቀኝ ስለ ራሱ አልነበረም። እናቱ እማማ ብርቄ ከልደታ ማርያም ጀርባ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር የሚኖሩት። እሱ አንድ ልጃቸው ነው። ልባቸው ታሞ ከአልጋ የሚነሱት ተደግፈው ሆኗል፤ እሱ ያለበት ድረስ መምጣት የማይታሰብ ነው።

"አቶ ሰይድ፣ ጥፋተኛ ቢሉኝም ይበሉኝ" አለኝ አንድ ቀን። "አንድ ቀን ብቻ ወጥቼ ልያት። ሐኪሙ ለሙሉ ነግሯታል፣ ብዙ አትቆይም ብሏል።" ሙሉ ሚስቱ ናት።

ክሱ እጄ የገባው ረቡዕ ነው፤ ለአርብ ከሰዓት ተቀጠረ። ጋሽ ደምሴ በዚያ ሰሞን አስማቸው ተነስቶባቸው ቤት ተኝተዋል። ክሱ ወፍራም ነበር። ከፊት ጀመርኩ። አዎ፣ ከፊት! ከባድ ጉዳት፣ በጋራ፣ በመመሳጠር የሚሉትን እያነበብኩ የአንደኛ ተከሳሽ አንቀጽ ላይ ደረስኩ። ንዑስ አንቀጽ ሦስት፤ ከአስር ዓመት እጅግ በላይ ነው። "በቃ፣ ሁሉም በዚሁ ናቸው" አልኩና መዝገቡን ዘጋሁት። ሌላ ሦስት ቀጠሮ ነበረብኝ፣ ደክሞኝ ነበር... ምክንያት ስደረድር አያችሁኝ? ልማድ ክፉ ነው።

ሐሙስ ሙሉና ወንድሟ ተስፋዬ መጡ። ተስፋዬ የጭነት መኪና አለው፤ ሊብሬውን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ መጥቷል። "ነገ ሐዋሳ የሚሄድ ጭነት አለኝ፣ ግን እቀራለሁ" አለ።

"ለምን ትቀራለህ? ሥራህን ሥራ" አልኩት። "በዚህ አንቀጽ ዋስ አይታሰብም። አይቻልም። ሙሉም አትድከሚ፤ እማማን ጠብቂ።"

ሙሉ ፊቴን አየችና "እርግጠኛ ነህ ወንድም ሰይድ?" አለች። እርግጠኛ ነኝ አልኳት። ማታ የጋሽ ደምሴን ጤና ልጠይቅ ሄድኩ። ትንፋሻቸው እየቆራረጠ "የዚያን ልጅ ክስ ከጅራቱ አነበብከው?" አሉኝ። አዎ አልኩ። ዓይናቸውን እያየሁ ዋሸኋቸው።

አርብ ጁምዓ ሰግጄ፣ በስምንት ሰዓት ችሎት ገባሁ። ክሱ ተነበበ። የሌሎቹ ጠበቆች ተነሱ፣ ዓቃቤ ሕግ ተቃወመ፣ የእኔ ተራ ሲደርስ እኔም ለሥርዓቱ ያህል ተነስቼ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ። ዳኞቹ ጭንቅላታቸውን ገጥመው ተመካከሩ። ከዚያ የመሐል ዳኛው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ፤ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ተከሳሽ ሕጉ ስለሚከለክል ዋስትና አልተፈቀደም። "አምስተኛ ተከሳሽ ግን የተከሰሱት በንዑስ አንቀጽ አንድ ነው። ቅጣቱ ከአስር ዓመት አይበልጥም። የሃያ ሺህ ብር ዋስ ጠርተው ይውጡ።" ቀና ብለው አዩኝ። "ዋስ አለ?"

ያ ረቢ! ታደሰ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ዞሮ ሁለተኛዋን አግዳሚ አየ። ባዶ ናት። የሌላ መዝገብ ባለጉዳይ አንድ ሽማግሌ ጥግ ላይ አንቀላፍቷል እንጂ የእሱ የሆነ ሰው አንድም የለም። ሚስቱን ፈለገ፣ ተስፋዬን ፈለገ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ያን አስተያየት ልገልጸው አልችልም። ንዴት ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ አሁኑኑ አቀርባለሁ" ብዬ ወጣሁ። ሰዓቱ ከዘጠኝ አልፏል። ተስፋዬ መንገድ ላይ ነው፤ ሞባይሉን ብሞክር አይሠራም። ያን ያህል ጥሬ ብር በኪሱ ይዞ የሚዞር ጠበቃ ደግሞ እኔ አልነበርኩም። በታክሲ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ በእግሬ እየሮጥኩ የታደሰ መሥሪያ ቤት ደረስኩ። አንድ ደግ የሥራ ባልደረባው ሳያቅማማ "በደመወዜ ዋስ እሆነዋለሁ" አለኝ፤ አላህ ይስጠው። ደብዳቤው ተጻፈ፣ ኃላፊው ፈረመ። ማህተም ሲባል ግን ማህተም ያዡ ቀብር ሄዷል፣ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ቀብሩ የት እንደሆነ ጠየቅሁ። የረር በር አሉኝ። በአርብ ትራፊክ የረር በር!

ያልታተመ ደብዳቤና ዋሱን ይዤ አስራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ መዝገብ ቤት ደረስኩ። ሠራተኛዋ የማውቃት ሰው ናት፤ ወረቀቱን ገልብጣ አየችና በሐዘኔታ መለሰችልኝ። "ጋሼ፣ ማህተም የሌለው ወረቀት ተቀብዬ መፍቻ ብጽፍ ሰኞ እኔ ነኝ የምታሰረው።" እውነቷን ነው። ታደሰን ወደ ማረሚያ ቤት የሚመልሰው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ሲወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አየሁት። ጉልበቴ ያን ቀን ነው የከዳኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ እማማ ብርቄ ቤት ሄድኩ። ሙሉን ይቅርታ ልጠይቅ ነበር ሐሳቤ። ለካ ወሬ ቀድሞኛል፤ ከሌሎቹ ተከሳሾች ቤተሰብ አንዱ "ለታደሰ ዋስ ተፈቀደለት" ብሎ ሰፈር ውስጥ ተናግሯል። እማማ ብርቄ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ጸጉራቸው ተበጥሮ፣ አልጋቸው ወደ በሩ ዞሮ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

"አንተ ነህ ጠበቃው? እሰይ የኔ ልጅ፣ ያሳድግህ። መቼ ይደርሳል አልክ?"

ሙሉ ከኋላቸው ቆማ አየችኝ። "ሰኞ እማማ" አልኩ። "ወረቀት ቀርቶ ነው።"

"ወረቀት ምን አላት፣ ሰኞ ቅርብ ናት" አሉና እጄን ሳሙት። የእኔን እጅ! እሑድ ከቅዳሴ የሚመለሱ ጎረቤቶች እየገቡ እንኳን ደስ ያለዎት ሲሏቸው እንደዋሉ ሙሉ በኋላ ነገረችኝ። አልጋውን መልሱት ቢባሉ እምቢ አሉ።

ሰኞ ማለዳ ተስፋዬ ከሐዋሳ ሌሊት ተጉዞ ሊብሬውን ይዞ መዝገብ ቤት በር ላይ ጠበቀኝ። ዋስትናውን ልናስመዘግብ ስንል ዓቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ የእግድ ትእዛዝ አምጥቷል ተባልን። በሳምንቱ ክሱ ተሻሻለ፤ ታደሰም ከሥራ አስኪያጁ ጋር ወደ ንዑስ ሦስት ገባ። በሩ ተዘጋ። አርብ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት መልሰው ይይዙት ነበር፤ እሱን አላውቅም። ቅዳሜና እሑድ ግን የእሱ ነበሩ። ሁለት ቀን። የለመነኝ አንድ ብቻ ነበር።

ማረሚያ ቤት ሄጄ በሽቦው በኩል ነገርኩት። "ሙሉ አልቀረችም፣ ተስፋዬም አልቀረም። አትምጡ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ክሱን ሳልጨርስ ነው እርግጠኛ ነኝ ያልኩት።" ቅዳሜ እናቱ አልጋቸውን ወደ በሩ አስዙረው ሲጠብቁት እንዳገኘኋቸውም አልደበቅሁትም። "እናቴ ምን ለብሳ ነበር?" አለኝ። ነጭ ቀሚስ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ ተነስቶ ገባ።

እማማ ብርቄ ሁለት ሳምንት አልቆዩም። ታደሰ ለቀብሩ አልወጣም። እኔ ግን ልደታ ማርያም ቅጥር ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ቆሜ ነበር፤ ሰዉ "ጠበቃቸው እኮ ነው፣ እንዴት ያለ ሰው ነው" ሲል እሰማለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ጋሽ ደምሴ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ውሸቴንም ጭምር። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ከትራሳቸው ሥር ቀለም መያዣዋን አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡና "በል፣ ሥራህን ሥራ" አሉኝ። በዚያው ክረምት አረፉ።

ታደሰን "ሌላ ጠበቃ ያዝ፣ እኔ እከፍላለሁ" አልኩት። ሳቀ፤ ከታሰረ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። "ሌላ ባመጣ እሱም አንድ ቀን መሳሳቱ አይቀርም። አንተ ተሳስተህ ጨርሰሃል" አለኝ። ሁለት ዓመት አብረን ተሟገትን። የዓቃቤ ሕግ ማስረጃ ተሰምቶ ሲያልቅ ፍርድ ቤቱ ታደሰ መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ አሰናበተው። ወደ ሥራውም ተመለሰ። የውዝፍ ደመወዙ ደብዳቤ ደግሞ ሌላ ዓመት ፈጀ፤ እሱን አላወራም።

በተፈታ በወሩ ይመስለኛል፣ አንድ አርብ ቢሮዬ መጣ። "ዋስ የሌለው ደንበኛ አለህ?" አለ። አንድ ሾፌር ነበረኝ፤ ቤተሰቡ ጎንደር ነው። "ደመወዜ ተመልሷል" አለና ከኪሱ ደብዳቤ አወጣ። መጀመሪያ ያየሁት ማህተሙን ነው። እሱም እንዳየሁ አይቶ "ታትሟል፣ አትፍራ" አለኝ።

እንዲህ ተጀመረና ለዓመታት ቀጠለ። አንዱ መዝገብ ተዘግቶ ደመወዙ ከዋስትናው ነጻ ሲሆን ለሌላው ይመጣል። የልደታ የቀበሌ ቤቶች ሲፈርሱ የእማማ ብርቄም ቤት፣ የጋሽ ደምሴም ቢሮ አብረው ሄዱ። ያቺ ቆርቆሮዋ የምትጮኽ ክፍል የነበረችበትን ቦታ ዛሬ ፈልጉ ብትሉኝ አላገኘውም፤ ፎቅ ብቻ ነው። ባቡሩም መጣ። ታደሰ ጸጉሩ ሸበተ፣ ጡረታ ወጣ፤ ደመወዙ ሲቀር በቁጠባ በገዛት አሮጌ መኪና ሊብሬ መጣ። ዳኞች ተቀያየሩ፤ አዲሶቹም ሁለተኛ አግዳሚ ላይ ያለውን ሰውዬ ለመዱት። ስለዚያ አርብ ግን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። እኔ እፈራለሁ፣ እሱ አይፈልግም። እኔን ይቅር ብሎኝ ይሁን አይሁን ዕድሜዬን ሙሉ ሳልጠይቀው ኖርኩ።

የመጨረሻ ችሎቴ ባለፈው አርብ ነበር። ደንበኛዬ ሄለን የምትባል የሂሳብ ሠራተኛ ናት፤ ዘመዶቿ ጅማ ናቸው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ማንም የላትም። ክሱን ከጅራቱ አነበብኩት፣ ሦስት ጊዜ። ንዑስ ሦስት ነው። ቀዳዳ የለውም፤ ሕጉ እንደ ሆነ አልተለወጠም። ሐሙስ ለታደሰ ደወልኩ።

"ነገ የሚፈቀድ አይመስለኝም" አልኩት።

"አይቻልም አልክ?"

"አላልኩም። ከባድ ነው አልኩ።"

"እንግዲያው በስምንት ሰዓት እመጣለሁ።"

በስምንት ሰዓት ሊብሬዋን በላስቲክ ይዞ፣ ኮቱን ቆልፎ አግዳሚዋ ላይ ነበር። እኔም ተነስቼ፣ የምችለውን ሁሉ ተከራከርኩላት። ከጋሽ ደምሴ የተማርኩትን አንዱን እንኳ አላስቀረሁም። ዳኞቹ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ የመሐል ዳኛዋ አነበቡ፤ አንቀጹ ከአስር ዓመት በላይ ስለሚያስቀጣ ዋስትናው አልተፈቀደም።

ሄለን ፊቷን ወደ ኋላ አዞረች። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ታደሰ ብድግ ብሎ ሊብሬዋን ከፍ አድርጎ አሳያትና በሌላ እጁ አይዞሽ አላት። ልጅቷ አለቀሰች፤ ፖሊሷ ሳትቸኩል እጇን ይዛ አወጣቻት።

ደረጃውን አብረን ወረድን፤ እሱ ክንዴን ይዞ፣ እኔ የደረጃውን መደገፊያ ይዤ። መሐል ላይ ስደርስ ትንፋሽ አጠረኝና ቆምኩ። ከጅማ ደውላ የለመነችኝን እናቷን ምን እንደምላት እያሰብኩ ነበር።

"ይኸው በመጨረሻ ቀኔ ደግሞ በከንቱ አደከምኩህ" አልኩት።

ታደሰ ሊብሬዋን ወደ ደረት ኪሱ እየከተተ ነበር። ቀስ ብሎ ከተታት፣ ኪሱን ቆለፈ።

"ምን በከንቱ?" አለኝ። "ዞራ አላየችኝም?"